የበሬ ሥጋ በዘላቂ አመራረት መገኘቱን በእርሻ ምስክር ወረቀት ስለማረጋገጥ

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ በቤቴልና በአካባቢው የሚገኙ ከብት አድላቢዎች፣ ሥጋ ቤቶችና ሸማቾች ስለ ሥጋ የሚቀርቡ ማረጋገጫዎችን ለይተው ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

ሦስቱ ማረጋገጫዎች

1. የጤና ማረጋገጫ፦ በቄራ ከዕርድ በፊትና በኋላ ምርመራ ተደርጎ በሥጋው ላይ የሚያርፈው ማኅተም ሥጋው ለምግብነት ብቁ መሆኑን ያሳያል። ከብቱ እንዴት እንደረባ ግን አይገልጽም።
2. የምንጭ ማረጋገጫ፦ የጆሮ መለያ ቁጥርና የዝውውር ሰነድ ከብቱ ከየት እንደመጣ ያመለክታሉ።
3. የአመራረት ማረጋገጫ፦ ገለልተኛ አካል እርሻውን በታወቀ መስፈርት መዝኖ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ነው። መስፈርቱ የግጦሽና የውኃ አጠቃቀምን፣ የፍግ አወጋገድን፣ የእንስሳት ደኅንነትን፣ የመድኃኒት አጠቃቀምንና የሠራተኞችን ሁኔታ ሊያካትት ይችላል።

አንዱ ማረጋገጫ ሌላውን አይተካም።

የምስክር ወረቀቱ ወሰን

በከተማ የሚደልብ በሬ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በሌላ አርቢ እጅ ነው። ስለዚህ የድለባ ቦታው ምስክር ወረቀት የሚሸፍነው ከብቱ በዚያ የቆየበትን ጊዜ ብቻ ነው። የተመሰከረለት ከብት መለያ ሳይኖረው በገበያ ከሌሎች ጋር ከተቀላቀለም ማስረጃው ይቋረጣል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ከደን ጭፍጨፋ ነጻ የሆኑ ምርቶች ደንብ ከብትንና የበሬ ሥጋን የሚያካትት ሲሆን፣ ከብቱ የቆየባቸው ቦታዎች እንዲታወቁ ይጠይቃል። የምስክር ወረቀት መያዝም አስመጪውን ከማጣራት ግዴታ ነጻ አያደርገውም።

አድላቢው ሊያዘጋጃቸው የሚገቡ መዝገቦች

* የእያንዳንዱ ከብት መለያ፣ የተገዛበት ቦታና ቀን፤
* የፉርሽካ፣ የፋጉሎ፣ የጭድና የሌላ መኖ ምንጭና መጠን፤
* የክትባትና የሕክምና ማስረጃ፣ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ከዕርድ በፊት ሊጠበቅ የሚገባው ጊዜ ጭምር፤
* የፍግና የፍሳሽ አወጋገድ፤
* የሽያጭ ቀንና የገዢው ማንነት።

የምዘና ቅደም ተከተል

አመልካቹ ገዢው የሚቀበለውን መስፈርት መርጦ በመስፈርቱ መሠረት ራሱን ከመዘነ በኋላ ለምስክር ሰጪው አካል ያመለክታል። መዛኙ በቦታው ተገኝቶ ከብቶቹንና መዝገቦቹን ይመረምራል፤ ጉድለት ከተገኘ የማስተካከያ ጊዜ ይሰጣል። ከዚያም የአገልግሎት ዘመኑ የተወሰነ ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ የክትትል ምዘናም ይቀጥላል። አነስተኛ አድላቢዎች ወጪውን ለመጋራት፣ መስፈርቱ በሚፈቅድበት ጊዜ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው በቡድን ሊመዘኑ ይችላሉ። አመልካቹ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ምስክር ሰጪው ለሥራው ዕውቅና ያለው መሆኑን ማጣራት ይኖርበታል።

ለሸማቾች

«ዘላቂ» ወይም «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ማስረጃ አይደለም። ሸማቹ የምስክር ወረቀቱን ቁጥር፣ የሰጪውን ስም፣ የሚሸፍነውን እርሻና የሚያበቃበትን ቀን መጠየቅ ይችላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛ ወይም አሳሳች የንግድ ማስታወቂያን ይከለክላል።

ስለ ከብት አያያዝና ስለ መዝገብ አያያዝ ምክር የሚፈልጉ የቤቴል ነዋሪዎች በክፍለ ከተማው የሚገኘውን የአርሶ አደርና ከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ።