የደጋ ንብ የበረራ ጡንቻ፦ ረቂቅ አወቃቀሩና አኮማተሩ

የጎጃም ንብ የምትታወቀው በማሯ ነው፤ የዚህ መጣጥፍ ጉዳይ ግን ቀሰሙን ወደ ቀፎ የሚያደርስላት ጡንቻ ነው። የጎጃሟ ከተማ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ማለዳውም ብርድ ነው። ንብ ሁለቱንም የምትመክተው በአንድ ጡንቻ ነው።

በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ የጡንቻው ክር ሳርኮሜር በሚባሉ ተከታታይ ክፍሎች የተሠራ ነው። በየሳርኮሜሩ አንዱን ወፍራም የማዮሲን ዘንግ ስድስት ቀጫጭን የአክቲን ዘንጎች ይከቡታል። ጡንቻ ሲኮማተር ዘንጎቹ ራሳቸው አያጥሩም፤ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ይህን በ1954 እ.ኤ.አ. አንድሩ ሃክስሊና ሮልፍ ኒደርጌርኬ፣ ሂዩ ሃክስሊና ጂን ሃንሰንም በየፊናቸው አሳይተዋል። በንብ ጡንቻ ክሮች መካከል ኃይል አመንጪዎቹ ማይቶኮንድሪያዎች ታጭቀዋል፤ ረቂቅ የአየር ቧንቧዎችም ኦክስጅን ያደርሷቸዋል።

የበረሃ አንበጣ ክንፉን በሰከንድ 20 ጊዜ ያህል ሲመታ ለእያንዳንዱ ምት የነርቭ ትእዛዝ ይደርሰዋል። ንብ ግን 230 ጊዜ ገደማ ትመታለች፤ የነርቭ ምልክቶቿ ከዚህ እጅግ ያነሱ ናቸው። ምልክቱ የካልሲየሙን መጠን ከፍ አድርጎ ጡንቻውን ያዘጋጀዋል፤ ኩምታሬውን የሚቀሰቅሰው ልጠጣ ነው። ከላይ ወደ ታች የተዘረጉት ጡንቻዎች የደረቷን ጣሪያ ሲስቡ ክንፎቿ ይነሳሉ፤ ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጉትም ይለጠጣሉ። እነዚህ በተራቸው ተኮማትረው ክንፎቹን ያወርዳሉ፤ ከላይ ወደ ታች የተዘረጉትንም መልሰው ይለጥጣሉ።

ስለዚህ የምቱን ፍጥነት በዋናነት የሚወስነው የደረቷና የክንፎቿ ተፈጥሯዊ ንዝረት ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ንቦች ሂሊየም በተቀላቀለበት የሳሳ አየር ሲበሩ ፍጥነቱ እምብዛም አልተለወጠም፤ የሰፋው ክንፍ የሚጠርገው ማዕዘን ነው። የደጋዋም ንብ በዚሁ ስልት እንደምትጠቀም መገመት ይቻላል።

ብርዱን በተመለከተ፣ የደረቷ ሙቀት ከ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ከሆነ መብረር ይሳናታል። ያን ጊዜ ተቃራኒዎቹን ጡንቻዎች በአንድነት ታኮማትራለች፤ ክንፏ ሳይንቀሳቀስ ሙቀት ይመነጫል። እጮቹ ያሉበት የቀፎ ክፍል ከ33 እስከ 36 ዲግሪ የሚቆየውም በዚህ ነው።

የዚህ ሥራ ነዳጅ ስኳር ነው፤ ምንጩም ማሩ። እንግዲህ በደጋ ቀፎን በእበት አጥብቆ መምረግና በቆረጣ ጊዜ ለንቧ በቂ ማር መተው የጡንቻዋን ወጪ መቀነስና መሸፈን ነው።