አውራ አምባ

አውራ አምባ በአማራ ክልል፣ ደቡብ ጎንደር ዞን፣ ፎገራ ወረዳ፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የሚገኝ ማኅበረሰብ ነው። ከባሕር ዳር በወረታ በኩል 70 ኪ.ሜ. ያህል ይርቃል። የሰው ክብር በጾታ፣ በዘር ወይም በሃይማኖት አይለካም በሚል እምነት ኑሮውን ያደራጀ ሲሆን፣ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ዙምራ ኑሩ ናቸው።

ዙምራ እንደሚናገሩት ነገሩ የጀመረው በልጅነታቸው ነው፦ እናትና አባታቸው እርሻ አብረው ውለው ሲገቡ፣ የቤቱ ሥራ ሁሉ ለምን በእናት ላይ ብቻ ይወድቃል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ እሳቸውን ግን እንደ እብድ አስቆጥሯቸዋል። በኋላ ሐሳባቸውን የተቀበሉ ገበሬዎች አግኝተው መንደሩን ቆረቆሩ።

በአውራ አምባ ሥራ የሚከፋፈለው በችሎታ ነው፤ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ እንጀራ ይጋግራል። በሳምንት አንዱ ቀን ለአረጋውያንና ለችግረኞች ይሠራበታል። ነዋሪዎቹ በአንድ ፈጣሪ ቢያምኑም በመንደሩ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለም። ይህም ከጎረቤቶቻቸው ጋር አጋጭቷቸው፣ በደርግ ዘመን ማብቂያ ወደ ቦንጋ አካባቢ ተሰደዱ፤ ሲመለሱ አብዛኛው መሬታቸው በሌሎች ተይዞ ነበር። የቀራቸው ለእርሻ ስለማይበቃ ሽመና ዋና መተዳደሪያቸው ሆነ። በአካባቢው ልማድ ሸማኔ ወንድ፣ ፈታይ ሴት ነው፤ እዚህ ግን ሴቷም ትሸምናለች፣ ወንዱም ይፈትላል።