የውሻና የድመት ባለቤትነት በብሪታኒያ፦ ከግብር ወደ ግዴታ

በብሪታኒያ ሕግ የውሻ ባለቤት መጀመሪያ የታወቀው በግብር ከፋይነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1796 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አገሪቱ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ላይ ሳለች ፓርላማው በውሻ ላይ ግብር ጣለ። ሐሳቡን አጥብቆ የገፋው የላንካስተር ተመራጭ ጆን ዴንት ሲሆን፣ በዚህ ሳቢያ «ውሻው ዴንት» የሚል ቅጽል ወጣለት። ደጋፊዎቹ ብዙ ምክንያት ነበራቸው፦ ውሾች በዝተዋል፣ እህል በተወደደበት ዘመን የሰው ምግብ ይሻማሉ፣ በግ ይፈጃሉ፣ ሲያብዱም ሰው ይነክሳሉ። በ1867 ግብሩ ቀርቶ በየዓመቱ የሚታደስ የ5 ሺሊንግ ፈቃድ ተተካ፤ በ1878 ክፍያው ወደ 7 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ከፍ አለ። ይህ ዋጋ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቶ፣ ፈቃዱ በ1987 ሲሰረዝ ሺሊንግ ከቀረ በኋላ በመጣው አዲስ ገንዘብ 37 ፔንስ ብቻ ነበር። ድመት ግን ግብርም ፈቃድም ተጠይቆባት አያውቅም። ግብሩ ከባለቤቱ የፈለገው ገንዘብ እንጂ እንክብካቤ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ውሻውን ያስራበ፣ የደበደበ ወይም አውጥቶ የጣለ ሰው በዚያ ብቻ የሚጠየቅበት ሕግ አልነበረም።

እንስሳን ከጭካኔ ለመጠበቅ የታሰበው ረቂቅ ለፓርላማ የቀረበው በ1800 ነው። ኮርማን በገመድ አስሮ በውሾች ማናከስ በዘመኑ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ጨዋታ ነበርና ይህን ለመከልከል ታልሞ ነበር። ፖለቲከኛው ዊልያም ዊንድሃም ግን ባለጸጋው በፈረስ ሆኖ ቀበሮ ሲያሳድድ ዝም ተብሎ የድኻው መዝናኛ ብቻ ለምን ይከለከላል ሲል ተቃወመ፤ ረቂቁም በሁለት ድምፅ ልዩነት ወደቀ። በ1822 የአየርላንዱ ተመራጭ ሪቻርድ ማርቲን ያወጣው ሕግ ፈረስን፣ ቀንድ ከብትንና በግን ከድብደባ ሲጠብቅ ውሻንና ድመትን አላካተተም። ሰኔ 16 ቀን 1824 ማርቲን፣ ቄሱ አርተር ብሩም፣ የፓርላማ አባሉ ዊልያም ዊልበርፎርስና ሌሎች በለንደን አንድ ቡና ቤት ተሰብስበው በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን የሚከላከል ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ ሕግ ተላላፊዎችን የሚከታተሉ የራሱን ተቆጣጣሪዎች ቀጠረ፤ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ግን አልበቃውም፤ ብሩም በማኅበሩ ዕዳ እስር ቤት ገባ። በ1840 ንግሥት ቪክቶሪያ ለማኅበሩ «ንጉሣዊ» የሚለውን ስም ፈቀደችለት።

ውሻ በጭካኔ ሕግ ውስጥ የገባው በ1835 ነው። የኩዌከር እምነት ተከታዩ ጆሴፍ ፒዝ ያቀረበው ሕግ ጥበቃውን ወደ ቤት እንስሳት አስፋፋ፤ ውሻ ማዋጋትን፣ ዶሮ ማዋጋትንና ኮርማ ማናከስንም ከለከለ። በውሻ የሚጎተት ጋሪ በ1839 በለንደን፣ በ1854 ደግሞ በመላ እንግሊዝ ታገደ። ዊንድሃም ያነሣው ጥያቄ ግን መልስ ያገኘው እጅግ ዘግይቶ ነበር፤ በእንግሊዝና በዌልስ ቀበሮን በውሻ ማደንን የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ2004 ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን ውሻና ድመት ከጓሮ ወደ ሳሎን ገቡ። ስለ ለንደን ድኾች ኑሮ የጻፈው ሄንሪ ሜይሂው በ1850ዎቹ መባቻ በከተማዪቱ ወደ 300,000 ድመት እንዳለ ግምት ጠቅሷል፤ ለአንድ ቤት አንድ ድመት እንደ ማለት ነው። ለእነርሱ ቀለብ የሚያቀርብ የጎዳና ነጋዴ ነበረ። ከፈረስ አራጆች የተቀቀለ ሥጋ ይረከባል፣ ቆራርጦ በቀጫጭን እንጨት ይሰካል፣ በሰፈሩ እየዞረ በየደጃፉ ለደንበኞቹ ያድላል፤ ድመቶቹም ድምፁን ለይተው ይከተሉታል። ከአሜሪካ የመጣው ጄምስ ስፕራት በ1860 ገደማ የውሻ ብስኩት ለገበያ አቀረበ። በ1859 በኒውካስል የውሻ ትርኢት፣ በ1871 በለንደን ክሪስታል ፓላስ በሃሪሰን ዊር አዘጋጅነት የድመት ትርኢት ተካሄደ። በ1873 የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበው ኬኔል ክለብ ተቋቋመ። የዘር ሐረግና መልክ ዋጋ ሲያወጡ እርባታም የገቢ ምንጭ ሆነ።

ባለቤት ያጡት ደግሞ ጎዳናውን ሞሉት። በ1860 ሜሪ ቲልቢ የምትባል ሴት በሰሜን ለንደን ሆሎዌይ ውስጥ ለጠፉና ለተራቡ ውሾች መጠለያ ከፈተች። ሰው በረኃብ በሚያልቅበት ከተማ ለውሻ ቤት መሥራት ምን ይባላል ብለው ጋዜጦች ተሳለቁባት። መጠለያው ግን አልተዘጋም፤ በ1871 እዚያው ለንደን ወዳለው ባተርሲ ተዛወረ፣ ከ1883 ጀምሮ ድመትም ይቀበል ጀመር። በ1867 የወጣው የለንደን ጎዳናዎች ሕግ ፖሊስ ባለቤት አልባ ውሻ እንዲይዝና በሦስት ቀን ውስጥ ፈላጊ ካልመጣ እንዲሸጥ ወይም እንዲያስገድል ሥልጣን ሰጠው። ተይዘው ወደ መጠለያው የመጡት ብዙ፣ ወሳጆቹ ጥቂት ስለነበሩ በርኅራኄ የተከፈተው ቤት መግደልንም ሥራው አደረገ። ሐኪሙ ቤንጃሚን ዋርድ ሪቻርድሰን ያለ ሥቃይ የሚገድል የጋዝ ክፍል ነድፎ በ1884 ባተርሲ ላይ ተተከለ። እንስሳውን በመንገድ ከመሰቃየት ማዳንና ሕይወቱን ማዳን አንድ እንዳልሆኑ መጠለያዎች ከዚያን ጊዜ አንሥቶ ያውቁታል።

ባለቤትን ከሁሉ በላይ ያስገደደው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው በንክሻ ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር በሐምሌ 1885 ፓሪስ ውስጥ በእብድ ውሻ የተነከሰ ሕፃን በክትባት ቢታደግም፣ ብሪታኒያ ያተኮረችው በውሻው አፍ ላይ ነበር። በ1880ዎቹ በየአካባቢው የተሞከረውን የአፍ ማሰሪያ ግዴታ የግብርና ቦርድ ኃላፊ ዋልተር ሎንግ በ1897 አጠበቀው። በሽታ በታየበት ወረዳ ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን በሰፊው የሚገኝ ውሻ ሁሉ ከቤት ሲወጣ አፉ በሽቦ ቅርጫት እንዲሸፈን ታዘዘ፤ ፈትቶ የለቀቀው ባለቤት ፍርድ ቤት ይቀርባል። ሽቦው ውሻው ተንፍሶ ውኃ እንዲጠጣ ስለሚያስችለው ከቆዳ ማሰሪያ ይመረጥ ነበር። ተቃውሞው ግን በረታ። የውሻ ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው ማሰሪያውን ጭካኔ አሉት፤ ለአደን የሚሰማሩ ውሾች ነፃ መደረጋቸውም አድልዎ ተባለ። ሎንግ አልተበገረም። ከውጭ የሚገባ ውሻም በለይቶ ማቆያ እንዲቆይ ተደረገ፣ ቆይታውም ስድስት ወር ሆነ። በ1902 በሽታው ከአገሪቱ ጠፋ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በድብቅ ባስገቧቸው ውሾች በ1918 እንደገና ተነሥቶ በ1922 ተገታ። የስድስት ወሩ ቆይታ በክትባትና በመታወቂያ መተካት የጀመረው በ2000 ነው። ከዚህ ዘመቻ ጸንቶ የቀረው መርሕ አንድ ሰው በውሻው ላይ ያለው መብት የጎረቤቱን ደኅንነት እስከሚነካበት ድረስ ብቻ መሆኑ ነው።

በ1906 የወጣው የውሾች ሕግ ይህንኑ መርሕ ወደ ካሣ አሸጋገረው። ውሻው ከብት ከነከሰ ባለቤቱ «ከዚህ በፊት ነክሶ አያውቅም» ብሎ ማምለጥ አይችልም። በፖሊስ የተያዘ ውሻም ለቤተ ሙከራ እንዳይሰጥ ሕጉ ከለከለ። በኢትዮጵያም በአገሪቱ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 ተመሳሳይ አቋም ይዟል፤ እንስሳው በድንገት ቢያመልጥ ወይም ጉዳቱ አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ተጠያቂ ነው።

ሕጉ ግዴታ ሲጥል አቅም አልሰጠም ነበር። የእንስሳት ሐኪም ክፍያ ከድኻው አቅም በላይ ስለነበር የታመመ ውሻ ያለው ወዛደር ወይ ሲሰቃይ ያያል ወይ ይገድለዋል። ማሪያ ዲኪን በ1917 በምሥራቅ ለንደን ዋይትቻፕል፣ በአንድ ምድር ቤት ውስጥ ነፃ ሕክምና ጀመረች፤ ሥራዋ አድጎ እስከ ዛሬ የዘለቀ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሆኗል። ሐሳቡ ድህነት እንስሳ ከመውደድ አያግድም፣ ስለዚህ ሕክምናው ድኻው ዘንድ መድረስ አለበት የሚል ነበር።

የባለቤትነት ትርጉም በጣም የተፈተነው በ1939 ነው። ጦርነት እንደሚነሣ በታወቀበት ሰሞን ከአየር ጥቃት እንስሳትን ለመጠበቅ የተቋቋመው መንግሥታዊ ኮሚቴ አንድ በራሪ ጽሑፍ አሰራጨ። እንስሳትን ወደ ገጠር መላክ ይሻላል፤ የሚረከባቸው ከሌለ ግን ማስገደሉ ደግ ሥራ ነው ይላል። ትእዛዝ አልነበረም፤ ቦምብም ገና አልወደቀም። ሆኖም መስከረም 3 ጦርነት ከታወጀ በኋላ በለንደን የእንስሳት ሐኪሞችና መጠለያዎች ደጅ ረጅም ሰልፍ ታየ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 400,000 የሚጠጉ ውሾችና ድመቶች ተገደሉ። ብዙዎቹ ባለቤቶች ይህን ያደረጉት እንስሶቻቸውን ከረኃብና ከፍርሃት ያዳኗቸው መስሏቸው ነው። መጠለያዎችና የእንስሳት ወዳጅ ማኅበራት ግን ሰዎች እንዳይቸኩሉ ለምነዋል፤ የባተርሲ መጠለያም በጦርነቱ ዓመታት 145,000 ውሾችን ተቀብሎ ቀልቧል።

ከጦርነቱ በኋላ ሕጎቹ ተከታትለው መጡ። በ1951 የእንስሳት ሱቆች በፈቃድ እንዲሠሩ ተደረገ፤ በ1960 እንስሳን ለሥቃይ አጋልጦ መጣል ወንጀል ሆነ። በ1978 አንድ የውሾች ማኅበር ውሻ የገና በዓል ስጦታ ሳይሆን የዕድሜ ልክ ኃላፊነት መሆኑን የሚያስታውስ መፈክር ይዞ ዘመቻ ጀመረ። መፈክሩ የተነጣጠረው በታኅሣሥ ቡችላ ገዝተው በጥር በሚጥሉ ቤተሰቦች ላይ ነበር።

የጭካኔ ሕጎቹ ግን አንድ ጉድለት ነበረባቸው፦ እንስሳው ከተሰቃየ በኋላ ካልሆነ አይደርሱለትም። በ2006 የወጣውና በእንግሊዝና በዌልስ ከ2007 ጀምሮ የሚሠራበት የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ይህን ለወጠ። እንስሳ የያዘ ሰው አምስት ነገር እንዲያሟላ ይገደዳል፦ ተስማሚ መኖሪያ፣ ተስማሚ ምግብ፣ የተፈጥሮ ጠባዩን የሚያሳይበት ዕድል፣ እንደ ጠባዩ ከሌሎች ጋር ወይም ለብቻው መኖር፣ እንዲሁም ከሕመም፣ ከጉዳትና ከበሽታ መጠበቅ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻ ቁስል ባይታይበትም ባለቤቱን ያስጠይቃል። ተቆጣጣሪው መጀመሪያ ጉድለቱን ዘርዝሮ ማሻሻያ የሚጠይቅ ማስታወቂያ መስጠት ይችላል፤ ፍርድ ቤት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እንስሳ መሸጥም ተከልክሏል። በ2021 የከባድ ጭካኔ ከፍተኛ ቅጣት ከ6 ወር ወደ 5 ዓመት እስራት ከፍ አለ።

ውሻ ሁሉ የባለቤቱን አድራሻ የሚያሳውቅ ማይክሮቺፕ ከቆዳው ሥር እንዲቀበርለት የተደነገገው በ2016 ነው። ድመት እንደ ልቧ የምትዞር ፍጡር ናት በሚል ሕጉ ለረጅም ጊዜ ትቷት ስለነበር፣ በእንግሊዝ ይኸው ግዴታ የደረሰባት በሰኔ 2024 ነው። ዛሬም ውሻ በመኪና የገጨ ሾፌር ቆሞ ማሳወቅ ሲኖርበት ድመት የገጨ ግን ይህ ግዴታ የለበትም።

የቅርብ ጊዜ ደንቦች ትኩረታቸውን ከባለቤቱ ወደ አርቢው አስፍተዋል። ለትርኢት ሲባል አፍንጫቸው እንዲደፈጠጥ ተደርገው የረቡት ቡልዶግና ፐግ የመተንፈስ ችግር እንደሚያሠቃያቸው በ2008 በቴሌቪዥን የታየ ዘጋቢ ፊልም ለሕዝብ አሳወቀ። በ2018 የእንግሊዝ ደንብ ዘሩ ወይም ጤናው በሚወለዱት ቡችሎች ላይ ጉዳት ሊያመጣ የሚችል ውሻ ለእርባታ እንዳይያዝ ፈቃድ ላላቸው አርቢዎች ደነገገ። ከሚያዝያ 2020 ወዲህም ስድስት ወር ያልሞላው ቡችላ ወይም የድመት ግልገል በነጋዴ እጅ አይሸጥም፤ ገዢው በቀጥታ ከአርቢው መግዛት ወይም ከመጠለያ መውሰድ አለበት። ኃላፊነቱ በዚህ መንገድ ገና ያልተወለደውን እንስሳ የሚያካትት ሆኗል።