አንቀጽ 32 እና «እስኪበቃ ድረስ» የተባለው ሕዝብ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በፈረሙት የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ውስጥ አብዛኛው አንባቢ ቶሎ የሚያየው ዘውዱን ለአንድ የትውልድ ሐረግ ያጸናውን ክፍል ነው። ስለ ዜግነት ይበልጥ የሚናገረው ግን አንቀጽ 32 ይመስለኛል። ሕዝቡ እንደራሴዎቹን ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መኳንንቱና ሹማምንቱ ለጊዜው እንዲመርጡ ያዛል። ኢትዮጵያዊ ማን እንደሆነ ከዓመት በፊት፣ በሐምሌ 1922 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት ሕግ ተወስኖ ነበር፤ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም እናት የተወለደ ሁሉ ዜጋ ነው። ሕገ መንግሥቱም ይህን ዜጋ ያለ ሕግ እንዳይታሰር፣ ቤቱ እንዳይበረበር፣ ደብዳቤው እንዳይከፈት ይከላከልለታል። ጥበቃው ተሰጠው፤ ድምፁ ግን ቀን ሳይቆረጥለት፣ መብቃቱም በምን እንደሚለካ ሳይነገር በቀጠሮ ቀረ።

ፊደል የቆጠረው ጥቂት በሆነበት አገር ምርጫ እንዴት ይታሰባል የሚል ይኖራል። መልሱ ከአርቃቂው ከበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ዋና ምንጭ፣ ከጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ይገኛል። ጃፓን ሕጓን ባወጀች በዓመቱ፣ በ1882 ዓ.ም.፣ የታችኛውን ምክር ቤት አስመርጣለች። ድምፅ የሰጡት በቂ ግብር የሚከፍሉ ወንዶች፣ ከመቶ ሰው አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። ጠባብ በር ነው፤ ቢሆንም በር ነው። የእኛ ሰነድ ከጃፓን ብዙ ሲወስድ ይችን በር ትቷታል፤ እንዲያው በመዘንጋት ነው ለማለት ይከብዳል።

የበረታው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ በየጠቅላይ ግዛቱ የራሱ ጦርና ግብር ያለውን መኳንንት ወደ አዲስ አበባ ስቦ በሕግ ሥር ማስገባት ይቀድም ነበር የሚለው። እውነት አለው። እንደዚያ ከሆነ ግን ሕገ መንግሥት እንዲማር የተፈለገው መኳንንቱ ነበር ማለት ነው፤ አለመብቃቱ የተጻፈው ግን በሕዝቡ ስም ነው።

ቀጠሮው የተፈታውም ሕዝቡ ፊደል ስለቆጠረ አይደለም። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ የራሷን ሕገ መንግሥትና የተመረጠ ምክር ቤት ይዛ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል፣ የ1923ቱ ሰነድ ከአጠገቧ ያረጀ ሆኖ ታየ። የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በጥቅምት 1948 ዓ.ም. ታወጀ፤ በ1950 ዓ.ም. በተሰበሰበው የሕግ መምሪያ ምክር ቤትም በሕዝብ የተመረጡ እንደራሴዎች፣ ከእነርሱም መካከል ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፣ ተቀመጡ። ከመራጩ ብዙው ያኔም ማንበብ አይችልም ነበር።