የጣሪያ ላይ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ፦ ከጋዙ በፊት አየሩንና ኤሌክትሪኩን መመርመር

በአሜሪካ ከተሞች ጠፍጣፋ ጣሪያ ባላቸው የንግድ ሕንፃዎች አናት ላይ ትልልቅ የብረት ሳጥኖች ተደርድረው ይታያሉ። በእነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ ምግብ ቤት፣ መደብር ወይም የአምልኮ ሥፍራ የተከራዩ በርካታ ኢትዮጵያውያን በበጋ ቅዝቃዜ፣ በብርድ ወራት ሙቀት የሚያገኙት ከነዚሁ ሳጥኖች ነው። መሣሪያው ሲደክም ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚሰማው ቃል «ጋዝ አልቆበታል» የሚል ነው። ሆኖም የማቀዝቀዣው ጋዝ በዝግ ቱቦ ውስጥ የሚዘዋወር በመሆኑ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ ያፈሰሰበት ቦታ አለ ማለት ነው። ጋዝ ከመጨመሩ በፊት ሁለት ነገሮች መመርመር አለባቸው፦ የአየሩ ፍሰትና የኤሌክትሪኩ ኃይል።

መሣሪያው ምንድን ነው?

በየመኖሪያ ቤቱ የተለመደው ማቀዝቀዣ ግማሹ ከቤት ውስጥ፣ ግማሹ ከውጭ ይተከላል። በዚህኛው ግን ኮምፕረሰሩ፣ ሁለቱ ኮይሎችና አየሩን ወደ ክፍሎች የሚገፋው ብሎወር በአንድ ሳጥን ተጠቃለው ይገኛሉ። አብዛኞቹ በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያም አላቸው።

አቅሙ የሚነገረው በ«ቶን» ሲሆን፣ 1 ቶን በሰዓት 12,000 ቢቲዩ ሙቀት የማስወገድ አቅም ነው። ስያሜው በረዶ ለማቀዝቀዣነት ይሸጥ ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው፤ 1 የአሜሪካ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲቀልጥ ከሚወስደው ሙቀት ጋር እኩል ነው።

ምን ያህል አየር ያስፈልጋል?

የተለመደው መነሻ ለእያንዳንዱ ቶን በደቂቃ 400 ኪዩቢክ ጫማ አየር ነው። በዚህ ስሌት ባለ 5 ቶን መሣሪያ በደቂቃ 2,000 ኪዩቢክ ጫማ ይፈልጋል። እርጥበት በሚበዛበት አካባቢ መጠኑ ወደ 350 ዝቅ፣ በደረቅ አካባቢ ደግሞ ወደ 450 ከፍ ሊል ይችላል።

አየሩ ካነሰ የማቀዝቀዣው ኮይል በረዶ ይይዛል፤ ያልተነነ ፈሳሽም ወደ ኮምፕረሰሩ ተመልሶ ሊሰብረው ይችላል። ከመጠን በላይ ከሆነ እርጥበቱ በሚገባ አይወገድም፤ በኮይሉ ላይ የተጠራቀመው ውኃም በነፋሱ ኃይል ወደ ቦዩ ይረጫል። በጋዝ በሚሞቅ መሣሪያ ላይ አደጋው የበለጠ ነው። በቂ አየር ካላለፈ እሳቱን ከክፍሉ አየር የሚለየው ብረት ከልክ በላይ ይግላል፤ በጊዜ ብዛትም ሊሰነጠቅ ይችላል። በዚያ ስንጥቅ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰዎች ወዳሉበት ክፍል ሊገባ ይችላል።

የብሎወሩን ፍጥነት ከመንካት በፊት ፊልተሩ መቆሸሹን፣ የአየር መውጫዎች መዘጋታቸውን፣ ኮይሉ በአቧራ መሸፈኑንና ቺንጋው መላላቱን ማየት ይገባል። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከነዚህ በአንዱ ይፈታል።

የኤሌክትሪክ ምርመራ

ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ዋናው ማጥፊያ ተዘግቶ ሌላ ሰው እንዳያበራው መቆለፍ አለበት። ከዚያም መለኪያው ኃይል ባለበት ቦታ ተሞክሮ መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በመሣሪያው ላይ ኃይል አለመኖሩ ይጣራል። ካፓሲተር ኃይል ከተቋረጠ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ቮልቴጅ የሚለካው መሣሪያው እየሠራ፣ ከራሱ መግቢያ ላይ ነው። በአሜሪካ 208/230 ቮልት ተብለው ለተመዘገቡ መሣሪያዎች የሚፈቀደው ብዙውን ጊዜ ከ187 እስከ 253 ቮልት ነው። ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ ሦስቱ ንባቦች ከአማካያቸው ከ2 በመቶ በላይ እንዳይራራቁ ይፈለጋል። ለምሳሌ 235፣ 230 እና 225 ቮልት ቢነበቡ አማካዩ 230፣ ልዩነቱ 5 ነው፤ ይህ 2.2 በመቶ ያህል በመሆኑ ከልኩ አልፏል። ትንሽ የሚመስለው የቮልቴጅ ልዩነት በከረንት ላይ ብዙ እጥፍ ሆኖ ስለሚታይ ሞተር ያቃጥላል። መንስኤው የላላ ማሰሪያ ወይም የተቃጠለ ኮንታክተር ሊሆን ይችላል።

የፌዞቹ ቅደም ተከተልም መረጋገጥ አለበት። ብሎወሩ ወደ ኋላ ቢዞር እንኳ አየሩ በዚያው አቅጣጫ፣ ነገር ግን በእጅጉ ቀንሶ ይወጣል፤ ስለዚህ «ነፋስ አለ» ማለት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ፍጥነቱን ማስተካከል

በቺንጋ በሚዞር ብሎወር፣ የሞተሩ ፑሊ ሁለት ፊቶች ሲቀራረቡ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ሲራራቁ ይቀንሳል። ሥራው የሚከናወነው ኃይል ተቋርጦ፣ ቺንጋው ተላልቶ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ በግማሽ ዙር ነው። በመጨረሻም ማጥበቂያው ብሎን ይጠብቃል፤ ሁለቱ ፑሊዎች በአንድ መስመር መሆናቸውም ይጣራል። ቺንጋ በሌላቸው በርካታ ሞተሮች ላይ ፍጥነቱ የሚመረጠው በሽቦ ነው፤ በእነዚህ ላይ ሥራ ላይ ያልዋሉት ሽቦዎች ኃይል ስለሚኖራቸው ለየብቻቸው መሸፈን አለባቸው።

አየሩና ኤሌክትሪኩ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። የብሎወሩ ፍጥነት በ10 በመቶ ሲጨምር አየሩም በ10 በመቶ ይጨምራል፤ የሚወስደው ኃይል ግን በ33 በመቶ ያድጋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ክዳኖቹ ሁሉ ተገጥመው አምፔሩ ይለካል፤ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው መብለጥም የለበትም።

አገር ሲለወጥ

በአሜሪካና በሳዑዲ ዓረቢያ የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ 60 ኸርዝ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና በኳታር 50 ነው። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ተራ ሞተር በ50 ሲሠራ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ከልክ በላይ ሊግልም ይችላል። በዚህ ላይ የአዲስ አበባ አየር በከተማዋ ከፍታ ምክንያት ከባሕር ጠለሉ ወደ ሩብ የሚጠጋ የሳሳ ነው። መሣሪያ ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስብ ሰው ሁለቱንም አስቀድሞ ማስላት ይኖርበታል።

የባለቤቱ ድርሻ

ፊልተር መለወጥና የአየር መውጫዎችን ክፍት ማድረግ የማንኛውም ተጠቃሚ ሥራ ነው። የሳጥኑ ውስጥ ግን የባለሙያ ነው፤ በአሜሪካ የማቀዝቀዣ ጋዝ የሚነካ ሠራተኛ በፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ ክፍል 608 መሠረት የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ባለቤቱ ጋዝ እንዲጨመር ከመፍቀዱ በፊት ሦስት ነገሮች በጽሑፍ እንዲሰጡት መጠየቅ ይችላል፦ የተለካው ቮልቴጅ፣ የብሎወሩ አምፔር፣ እንዲሁም ወደ መሣሪያው የሚገባውና ከእርሱ የሚወጣው አየር ሙቀት። እነዚህ በሌሉበት «ጋዝ አልቋል» ማለት ግምት ነው።