የአሸዋ ድመትና ስሟን ያወጡላት ሰዎች

የዛሬው ርእሴ ክብደቷ ከሦስት ኪሎ ግራም ተኩል እምብዛም የማያልፍ እንስሳ ናት። የአሸዋ ድመት በሰሃራ፣ በዐረቢያ ልሳነ ምድርና በመካከለኛው እስያ በረሃዎች ትኖራለች። የመዳፏን ሥር የሸፈነው ፀጉር ከጋለው አሸዋ ይጠብቃታል፤ ውኃ ብታጣም ከምታድናቸው አይጦችና እንሽላሊቶች በምታገኘው እርጥበት ትቆያለች። ይህን ለሥነ ሕይወት ሊቃውንት ትቼ እኔ ወደ መዛግብቷ እመለሳለሁ። የድመቷ ታሪክ ብለን የምናነበው በአብዛኛው ወደ በረሃው የዘለቁ ሰዎች ታሪክ ነውና።

ድመቷን በሳይንስ ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጻት እ.ኤ.አ. በ1858 ቪክቶር ሎሽ የተባለ ፈረንሳዊ መኮንንና የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው። ናሙናው የተገኘው በአልጄሪያ ሰሃራ፣ በዋርግላ አካባቢ ነበር። ዘመኑን ልብ ይሏል፤ የፈረንሳይ ጦር የበረሃውን በር ላጓትን ከያዘ ገና ስድስት ዓመቱ ነው። «ማርጋሪታ» የሚለው የሳይንስ ስሟ በላቲን ዕንቍ ማለት በመሆኑ ለውበቷ የተሰጠ ይመስላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ስሙ የዘመቻው መሪ የዣን ኦጉስት ማርግሪት መታሰቢያ ነው። ይህ ሰው ኋላ ጄኔራል ሆኖ በ1870 በሴዳን ውጊያ ቆስሎ ሞተ። ለበረሃው ሰው ድመቷ አዲስ አልነበረችም፤ ሎሽ የመዘገበው ግን የአዛዡን ስም ነው።

በ1926 ደግሞ ሶቪየታዊው ሰርጌይ ኦግኔቭ ከካራኩም በረሃ የተገኘችውን ፍጹም ሌላ ወገን አድርጎ ሌላ ስም አወጣላት። ሁለቱ አንድ ዝርያ መሆናቸው የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

መታወቅ ሁልጊዜ በጎ አልሆነላትም። በፓኪስታን ባሉቺስታን መኖሯ በ1966 ሲታወቅ ተመራማሪውን የእንስሳት ነጋዴ ተከተለው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙዎቹ ተይዘው ወደ ውጭ ተሸጡ። የሳይንስ ጽሑፍ ለአዳኝ መንገድ ጠቋሚ የሚሆንበት አጋጣሚ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ በታሪክ ትምህርታችን ተገቢውን ቦታ አላገኘም።

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ድመቷን ከ2002 ጀምሮ «ለስጋት የቀረበች» ሲላት ቆይቶ በ2016 «አነስተኛ ስጋት ያለባት» ወደሚለው መደብ አዛወራት። ምክንያቱ የምትኖርበት ምድር ቀድሞ ከተገመተው የሰፋ ሆኖ መገኘቱ ነው። በእስራኤል ግን ከዱር እንደጠፋች ትቆጠራለች፤ በሌሎችም ስፍራዎች የከብት ግጦሽ የምታድናቸውን ትናንሽ እንስሳት መጠለያ ያራቁታል፣ ለቀበሮ የተዘረጋ ወጥመድም እሷን ይይዛል። አንድ የመደብ ስም ይህን ሁሉ በአንድነት ይሸፍነዋል።

ቆጠራውም ቢሆን ቀላል አይደለም። ፀጉራም መዳፏ ዱካ እምብዛም አይተውም፤ የሌሊት መብራት ሲያርፍባት ዓይኗን ስለምትጨፍን ብልጭታው አይታይም። በአፍሪካ ግልገሎቿ በዱር ሳሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊልም መቀረጻቸው የተዘገበው በ2017፣ በሞሮኮ ሰሃራ ነው፤ ከሎሽ ጽሑፍ 159 ዓመት በኋላ።