ፖይንት ፎር በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ

ከማርሻል ፕላን ቀጥሎ የመጣ የአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ። ፕሬዚዳንት ትሩማን በጥር 1941 ዓ.ም. በንግግራቸው በአራተኛ ነጥብነት አነሱት፤ ኢትዮጵያ በ1943 ስምምነቱን ፈረመች። ለቴፒና ለሚዛን ተፈሪ ቡና አምራቾች ቅርቡ ፍሬው በኦክላሆማ መምህራን እገዛ እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመው የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ነው። በ1945 ዓ.ም. ደግሞ የወታደራዊ ርዳታና የአስመራው ቃኘው ጣቢያ ውል ተከተለ።

ርዳታን የሽብር መከላከያ ለማድረግ ለሚያስቡ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ከባድ ነው። ትምህርት ቤቱ መንግሥታት ቢለዋወጡም ባለሙያ ማፍራቱን አላቋረጠም፤ የጦር መሣሪያው ግን የ1966ቱን አብዮት አላስቀረም። ከሁሉ በላይ ርዳታው የመሬት ሥሪቱን አልነካም፤ ጭሰኛው የተሻለ ዘር ቢዘራም ከምርቱ ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰፍር ነበር። ተማሪዎች በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡትም በዚሁ በደል ምክንያት ነው።